ባዕድ ወይስ እንግዳ? ሳይንሳዊ ልብ ወለድና የመግባባት ጥያቄ

«እንግዳ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሦስት ትርጉሞችን አዝሎ ይኖራል። ከሌላ አገር የመጣ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እንግዳ ነው፤ መሽቶበት ከደጅ ቆሞ ማደሪያ የሚለምንና የቤቱ ባለቤት የሚያስተናግደው ሰውም እንግዳ ነው፤ ከዚህ ቀደም ያልታየና ያልተለመደ ነገርም እንዲሁ እንግዳ ይባላል። «ባዕድ» የሚለው ቃል ግን ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነጥሎ ይወስዳል፤ ወገን ያልሆነውን፣ የማይዛመደውን። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከማይታወቅ ፍጡር ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው ከሁለቱ ቃላት በአንዱ ይጀምራል፤ በየትኛው እንደጀመረም ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አብዛኛውን ነገር ይወስናል።

ይህ ጥንታዊ የሥነ ምግባር ጥያቄ ባለፉት አንድ መቶ ሠላሳ ያህል ዓመታት ውስጥ ያልተጠበቀ መፈተኛ ስፍራ አግኝቷል፤ ይኸውም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የሕፃናት መዝናኛ አድርገው ይቆጥሩታል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው የመንኮራኩርና የጨረር ጠመንጃ ተረት ከዚያ አያልፍም። ዳሩ ግን በምርጥ ደራስያን እጅ ሲገባ ዘርፉ እንደ ቤተ ሙከራ ያገለግላል። በምድር ላይ ሁለት ሕዝቦች ሲገናኙ የጋራ የሆነ ብዙ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም ይራባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ሙታናቸውን ያለቅሳሉ። ደራሲው ይህን የጋራ መሠረት በምናቡ ያነሣና «አሁንስ መግባባት ይቻላልን? ባይቻልስ ግዴታችን ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥያቄው ታሪክ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከኤች. ጂ. ዌልስ ቢጀመር ያስኬዳል። በ1898 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «የዓለማት ጦርነት» ውስጥ ከማርስ የመጡት ፍጡራን ከሰው ጋር አንዲት ቃል አይለዋወጡም። ነጭ ባንዲራ ይዘው ሊያነጋግሯቸው የቀረቡትን ምሁራን በእሳት ጨረር ያቃጥሏቸዋል። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ኃይል ከአስፈሪነቱ ይልቅ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ካለው ማሳሰቢያ ይመነጫል። ዌልስ አንባቢው በማርስ ፍጡራን ላይ ከመፍረዱ በፊት አውሮፓውያን ሰፋሪዎች በታዝማንያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት እንዲያስታውስ ይጠይቀዋል። ቅኝ ገዢው ከተገዢው ጋር ያልተነጋገረው ቋንቋ አጥቶ እንዳልነበረ፣ መነጋገር የሚያስፈልገው መስሎ ስላልታየው እንደነበረ የለንደኑ አንባቢ በራሱ ቆዳ ሆኖ እንዲረዳው ተደረገ። ባዕድ ተብሎ የተጀመረ ግንኙነት የሚደርስበትን ጫፍ ከዚህ መጽሐፍ በበለጠ ያሳየ ጥቂት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። አሜሪካዊው መሪ ላይንስተር በ1945 «የመጀመሪያው ግንኙነት» በተባለው አጭር ልብ ወለዱ ሁለት መንኮራኩሮችን በጠፈር ጥልቀት ውስጥ አገናኘ። ሁለቱም ወገኖች ቋንቋቸውን በመሣሪያ ይተረጉማሉ፤ ቀልድ እንኳ ይለዋወጣሉ። ቢሆንም አንዱ ሌላውን ተከትሎ አገሩን እንዳያውቅበት በመፍራት መላወሻ ያጣሉ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ መንኮራኩር መለዋወጥ ነው። ሶቪየታዊው ደራሲ ኢቫን ዬፍሬሞቭ በ1950ዎቹ መጨረሻ «የእባብ ልብ» በተባለው ድርሰቱ ለዚህ ታሪክ በቀጥታ መልስ ሰጠ፤ ገጸ ባሕርያቱ የላይንስተርን ታሪክ አንሥተው ይከራከሩበታል። እንደ ዬፍሬሞቭ አስተሳሰብ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ ለመጓዝ የበቃ ኅብረተሰብ አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ጥላቻና ብዝበዛ ያላሸነፈ እንደሆነ ከዚያ ደረጃ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህም በድርሰቱ ውስጥ የሚገናኙት ሁለት ወገኖች አይፈራሩም። ሰዎቹ ኦክሲጅን፣ እንግዶቹ ግን ፍሎሪን የሚተነፍሱ ናቸውና አንዱ በሌላው አየር ውስጥ ይሞታል። እጅ ለእጅ ሳይጨባበጡ በብርሃን አሳላፊ ግድግዳ ግራና ቀኝ ቆመው በሥዕልና በምልክት ይነጋገራሉ።

የዬፍሬሞቭ ተስፋ ክቡር ነው። ነገር ግን ድርሰቱ ሊያልቅ ሲል ከሰዎቹ ወገን የሆነችው ሳይንቲስት ለእንግዶቹ አንድ ሐሳብ ታቀርባለች፤ የተፈጥሮ ውርሳቸውን በጥበብ ለውጠው እንደ ሰው ኦክሲጅን ተንፋሾች እንዲሆኑ ነው። ሐሳቡ የመጣው ብቸኝነታቸውን ከማየትና ከማዘን ነው። ሆኖም ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይላል። ጠላትነት በሌለበት፣ ፍቅር በነገሠበት ግንኙነት እንኳ የመጨረሻው ጥያቄ «እንደ እኛ ሁኑ» የሚል ሆነ። እንደ ሌላው ለመሆን ማን ይሞክር የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ የተጠቀሱት ድርሰቶች የቋንቋን ችግር በፍጥነት ያልፉታል። የብዙ ደራስያን ልማድም ይኸው ነው፤ አንድ የትርጉም መሣሪያ ይፈጠራል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይግባባል። በአገራችን ተረትም አንበሳ ይናገራል፣ ጦጣ ትመልሳለች፣ በምን ቋንቋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠያቂ የማይኖረው አድማጩ ነገሩን ስለሚያውቅ ነው። በአንበሳው ቆዳ ውስጥ ያለው ጉልበተኛ ሰው ነው፤ በጦጣዋም ቆዳ ውስጥ ብልህ ሰው አለ። ወዲያው የሚገባን የህዋ ፍጡርም እንደዚሁ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው። እውነተኛው ችግር የሚጀምረው ጭምብሉ ሲወልቅና ከሥሩ የሰው ፊት ሲታጣ ነው።

ሳይንቲስቶች ለዚህ ችግር ያቀረቡት የመጀመሪያ መልስ ሒሳብ ነው። ሁለትና ሁለት በየትም ኮከብ ዘንድ አራት ነው ይላሉ። ሆላንድ ውስጥ ያስተምር የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሃንስ ፍሮይደንታል በ1960 ከቁጥር ተነሥቶ እስከ ሰው ጠባይ ድረስ ሊገልጽ የታሰበ «ሊንኮስ» የተባለ ሰው ሠራሽ ቋንቋ አወጣ። በኅዳር ወር 1974 ደግሞ በፖርቶ ሪኮ ከነበረው ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ በፍራንክ ድሬክ መሪነት የተዘጋጀ የራዲዮ መልእክት ወደ አንድ የከዋክብት ክምችት ተላከ። መልእክቱ 1,679 ምልክቶች ነበሩት፤ በ23 አምድና በ73 መስመር ሲደረደሩ ቁጥሮችን፣ የሕይወት መሠረት የሆኑ ንጥረ ነገሮችንና የሰውን ቅርጽ ያሳያሉ። ለማሰራጨት ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ፈጀ። ከታሰበለት ስፍራ ለመድረስ ግን 25,000 ዓመታት ያህል ይፈጃል፤ መልስ ቢኖር ሌላ 25,000 ዓመታት ነው። ላኪው ቴሌስኮፕ ራሱ በ2020 ፈርሷል።

በጥንቱ ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ይጀምር ነበር። አዋጅ የአንድ ወገን ነገር ነው። አዋጅ ነጋሪ የሚሰማውን ሰው ፊት አያይም፤ «ገባህ ወይ?» ብሎም አይጠይቅም። የአሬሲቦ መልእክትም በዚህ ረገድ ከአዋጅ ወገን እንጂ ከጭውውት ወገን አይደለም። ይህን ማለት የሥራውን ታላቅነት መንቀፍ አይደለም፤ ጠባዩን መለየት ነው።

አዋጅ ደግሞ «በማን ስም?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። በ1977 ሁለቱ የቮያጀር መንኮራኩሮች በወርቅ የተለበጠ ሸክላ ተሸክመው ተላኩ። በካርል ሴገን የሚመራ ኮሚቴ ባሰናዳው በዚህ ሸክላ ላይ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ተቀርጿል። ሱመርኛ፣ አካድኛና ሒታይትኛ፣ ማለትም ከሞቱ ሺህ ዓመታት ያለፏቸው ልሳናት፣ አሉበት። አማርኛ የለበትም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛም የለም። የጦርነትና የረሃብ ሥዕልም ሆን ተብሎ እንዳይገባ ተደርጓል። በምድር ሕዝቦች ስም የሰላም ቃል ያሰማው የጊዜው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኩርት ቫልድሃይም ነበር። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባልካን አገሮች በናዚ ጀርመን ጦር ውስጥ መኮንን ሆኖ ማገልገሉን ሸፍኖ እንደኖረ በ1986 ለዓለም ይፋ ሆነ። ድምፁ ግን ዛሬም ከፀሐይ ግዛት ወጥቶ በከዋክብት መካከል ይጓዛል። በዚህ ውስጥ መሪር ትምህርት አለ። ሸክላው ከታሰበው በላይ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የሰው ልጅ ስለ ራሱ ሲናገር ምን እንደሚደብቅም ይዞ ሄዷልና። የማይታወቅ አድማጭ ፊት ለመቆም የሚሻ አስቀድሞ ከራሱ ጋር እውነት መነጋገር እንደሚገባው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

መልእክት ተቀባይ መሆንስ? ይህን ገልብጦ የጠየቀው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌም ነው። በ1968 «የጌታው ድምፅ» በተባለው ልብ ወለዱ ከሰማይ በኩል አንድ ምልክት ይደርሳል። በኔቫዳ በረሃ በወታደራዊ ባለ ሥልጣናት ጥበቃ ሥር የተሰበሰቡት ሊቃውንት ከምልክቱ ጥቂቱን ብቻ ይፈታሉ፤ ከዚያም ውስጥ አንድ ያልታወቀ ቁስ ይሠራሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከዚህ መሣሪያ ይወጣዋል ወይ የሚል ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ለመናገር፣ ሊቃውንቱ ያገኙት ሰሙን እንኳ በከፊል ነው፤ ወርቁ ጨርሶ አልተገኘም። በወርቁ ስፍራ የገቡት የራሳቸው ዘመን ፍርሃትና የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ናቸው። ላኪው ያላለውን ተቀባዩ ራሱ ተናገረ፤ የሰማውም የራሱን ድምፅ ነው።

ይህ የህዋ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ከኢትዮጵያ ምዕራብ ባሻገር ያለውን የመሮዌን ጽሑፍ ማስታወስ ይበቃል። እንግሊዛዊው ሊቅ ግሪፊዝ የመሮዌን ፊደላት ድምፅ ከመቶ ዓመታት በላይ ከሆነ ጊዜ በፊት ለይቶ አውቋል። ዛሬ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይቻላል፤ ከጥቂት ስሞች፣ ቃላትና ቋሚ አነጋገሮች በቀር ግን ትርጉሙ እስካሁን ጨለማ ነው። ጸሐፊዎቹ ሰዎች ነበሩ፣ ከአባይ ውኃ ይጠጡ ነበር፣ ከአክሱምም ጋር ይዋሰኑ ነበር። ያም ሆኖ ያን ቋንቋ የሚናገር ኅብረተሰብ ስለሌለ ድምፁ ቀረ፣ ነገሩ ጠፋ። ጎረቤት እንዲህ ከሆነ ከሌላ ፀሐይ ሥር የመጣ ጽሑፍ እንዴት ይሆን?

ምክንያቱን አሜሪካዊው ፈላስፋ ኳይን በ1960 በቀላል ምሳሌ አስረድቶታል። አንድ የቋንቋ አጥኚ ከማያውቀው ሕዝብ መካከል ቆሟል እንበል። ጥንቸል ስትሮጥ ያየ የአገሩ ሰው «ጋቫጋይ!» ይላል። አጥኚው «ጥንቸል» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ቃሉ ጥንቸል ማለት ይሁን፣ የጥንቸል አካል ክፍል ይሁን፣ ወይስ ጥንቸል የታየችበት ቅጽበት፣ በጣት በመጠቆም ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ከዚህ ምሳሌ ኳይን የራሱን መደምደሚያ ያወጣል። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ግን የሚበቃው ይህ ነው፤ ቃል የሚኖረው በሥራ፣ በማዕድ፣ በሐዘንና በጨዋታ መካከል ነው። ይህን ኑሮ ሳይካፈሉ ቃሉን ብቻ ለመውሰድ መሞከር ዛፍን ከነቅጠሉ ቆርጦ ያለ ሥሩ እንደመትከል ነው።

አሜሪካዊው ቴድ ቺያንግ በ1998 ያሳተመው «የሕይወትሽ ታሪክ» እና ዴኒ ቪልነቭ ከእርሱ ተነሥቶ በ2016 ያወጣው «አራይቫል» የተባለው ፊልም ይህን ነጥብ የያዙ ናቸው። ባለ ሰባት እግር ፍጡራን ወደ ምድር ይመጣሉ፤ አንዲት የቋንቋ ሊቅ እንድታነጋግራቸው ትታዘዛለች። ጽሑፋቸው መነሻና መድረሻ የለውም፤ ሙሉው ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ይሣላል። ሊቋ ቋንቋውን እየተማረች ስትሄድ ጊዜን የምታይበት ዓይኗ ይለወጣል፤ የወደፊት ሐዘኗን እያወቀች ትኖረዋለች። ቋንቋ አስተሳሰብን ይህን ያህል ይለውጣል ማለቱ የደራሲ ነጻነት ነው፤ የቋንቋ ሳይንስ ይህን ያህል አይሄድም። የሞራሉ እውነት ግን ይጸናል፤ ሌላውን በእውነት የተረዳ ሰው እንደነበረ ሆኖ አይመለስም። ላለመለወጥ የቆረጠ ደግሞ መተርጎም ይችል ይሆናል፣ መረዳት ግን አይችልም።

በፊልሙ ውስጥ ሁለት ትዕይንቶች ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። በአንደኛው ሊቋ የመከላከያ ልብሷን አውልቃ ወደ መስተዋቱ ትቀርባለች፤ ፊቷ ሊታይ ይገባዋልና። በሌላው ስፍራ የቻይና ባለ ሥልጣናት ከፍጡራኑ ጋር በማዦንግ ጨዋታ ይነጋገሩ እንደነበር ይሰማል። ሊቋ ይህን ስትሰማ ትደነግጣለች፤ መነጋገሪያው ጨዋታ ከሆነ ሐሳብ ሁሉ ማሸነፍና መሸነፍ ሆኖ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ከፍጡራኑ የመጣ አንድ ቃል «የጦር መሣሪያ» ተብሎ ሲተረጎም ዓለም በጦርነት አፋፍ ላይ ይቆማል። ቃሉ የሥራ መሣሪያም፣ ስጦታም ሊሆን ይችል ነበር።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የውጫሌን ውል ሳያስታውስ አያልፍም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ የወዳጅነትና የንግድ ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ቢፈልጉ እንደሚችሉ ይናገራል፤ የኢጣልያንኛው ቅጅ ግን ግዴታ አድርጎት ተተረጎመ፤ በዚህም ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ናት ተብሎ ለአውሮፓ ተነገረ። ፍጻሜው በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ታየ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው ነው። ዳሩ ግን ከፊልሙ ጋር ያለው ልዩነት ይበልጥ ያስተምራል። በፊልሙ ስሕተቱ ካለማወቅ ይመጣል፤ በውጫሌ ግን ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። መግባባት የሚሰናከለው ቃል ሲታጣ ብቻ አይደለም፤ የመግዛት ፍላጎት በቃሉ ውስጥ ሲደበቅም ጭምር ነው። የሌላውን ቋንቋ ማወቅ ለደግነት ብቻ ሳይሆን ለነጻነት መጠበቂያም እንደሚያስፈልግ ኢትዮጵያ በደም ተምራዋለች።

ቋንቋ ራሱ ከገለልተኝነት የራቀ ነው። ከህዋ የመጣን ፍጡር በአማርኛ ሰላም ለማለት የሚሻ ሰው ገና የመጀመሪያዋን ቃል ሳይናገር ሦስት ውሳኔዎችን መወሰን አለበት። «እንደምን አለህ?» ቢል ወንድ አደረገው፣ አቻው ወይም ታናሹም አደረገው፤ «እንደምን አለሽ?» ቢል ሴት አደረጋት፤ «እንደምን አላችሁ?» ቢል ብዙ። «እንደምን አሉ?» ብሎ ቢጀምር ግን ጾታውን ሳይገምት አክብሮቱን አስቀደመ። አማርኛ ተናጋሪውን «አታውቀውም፤ ሆኖም ማክበርህን ወይም አለማክበርህን አሁኑኑ ንገረው» ብሎ ያስገድደዋል። በዚህ ምሳሌ እንደሚታየው፣ አክብሮት የመረዳት ውጤት ብቻ አይደለም፤ ከመረዳት ቀድሞም ሊሰጥ ይችላል።

መረዳት ጨርሶ የማይቻል ቢሆንስ? ሌም ከሌሎች ሁሉ ይልቅ በዚህ ጥያቄ ላይ ጨካኝ ነበር። በ1961 በወጣው «ሶላሪስ» ውስጥ አንድን ፕላኔት የሸፈነ የሚያስብ ውቅያኖስ አለ። ሊቃውንት ትውልድ ከትውልድ አጥንተውት፣ ለቅርጾቹ ስም አውጥተው፣ ቤተ መጻሕፍት ሞልተው አንድም ነገር አልተረዱም። ሰው ወደ ጠፈር የሚወጣው ሌላ ዓለም ፍለጋ ሳይሆን የራሱን ምስል የሚያይበት መስተዋት ፍለጋ ነው የሚል ክስ በመጽሐፉ ውስጥ ይሰማል። በ1980ዎቹ ባሳተመው «ፊያስኮ» ደግሞ ሰዎች መነጋገር ያልፈለገን ፕላኔት ካላነጋገርህ ብለው በኃይል ያስገድዱታል፤ ጨረቃውን ይሰብራሉ፤ ፍጻሜው ጥፋት ነው። ሰዎቹ የሄዱት ለወረራ ሳይሆን ለእውቀትና ለወዳጅነት መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል። ዝም የማለትን መብት ያላከበረ የመነጋገር ፍላጎት ከጥላቻ ያላነሰ ሊያፈርስ ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ መግባባት ከንቱ ነው» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በአገራችን ነባር ወግ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጅ የቆመ መንገደኛ መጀመሪያ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ እህል ይቀምሳል። ከየት እንደመጣና ጉዳዩ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ፍልስፍና አለው። መጠየቅ አይከለከልም፤ ጥንቃቄም እንዲሁ፤ የወዳጅነት ውል ይዞ የመጣ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ የውጫሌ ታሪክ ይመሰክራል። ነገር ግን አለመጉዳትና ማክበር ከማወቅ በኋላ የሚመጡ ሽልማቶች አይደሉም። ማወቅ ራሱ የሚቻለው እነርሱ ቀድመው ሲገኙ ነው። የቺያንግ ፍጡራን በአጭር ልብ ወለዱ ውስጥ ለምን እንደመጡ ሳይናገሩ ይሄዳሉ፤ ሊቋ ግን በግንኙነቱ አልከሰረችም።

«ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? የህዋ እንግዳ ገና አልመጣ» የሚል ይኖር ይሆናል። እስከ ዛሬ ከሌላ ዓለም የተረጋገጠ ቃል አልተሰማም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ኢትዮጵያ የማይገባ ቃል በየቀኑ ይሰማል። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲካሄድ በዘመኑ ፖለቲካ የታጠረ ሥራ ቢሆንም፣ ማስተማር የተማሪውን ልሳን ከመስማት እንደሚጀምር በተግባር አሳይቷል። ሕፃን ልጅ በቤቱ ቋንቋ ሲመልስለት «ዝም በል» የሚል አስተማሪ፣ የማያውቀውን ልሳን ጫጫታ ብሎ የሚያልፍ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሌላውን ብሔረሰብ ሰው ለሳቅ ብቻ መድረክ ላይ የሚያወጣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ሦስቱም ለህዋ እንግዳ ዝግጁ አይደሉም፤ ለጎረቤታቸውም ገና አልተዘጋጁም።

እንግዲህ ከኢትዮጵያ ደራስያን የሚጠበቀው የውጭውን ዓለም መንኮራኩር መቅዳት አይደለም። አዋጅና ጭውውት የሚለያዩበትን፣ ሰምና ወርቅ የሚጣመሩበትን፣ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚመዘኑበትን ቋንቋ የያዘ ደራሲ ስለ ባዕድና ስለ እንግዳ የሚናገረው የራሱ ነገር አለው። ከዚህ የሚወለደው ድርሰት ስፍራው ሌላ ፕላኔት ሊሆን ይችላል፤ የገበያ ቀን የሚውልበት አንድ የወሰን ከተማም ሊሆን ይችላል። የሚመዘነውም ሁለት የማይተዋወቁ ወገኖች በተገናኙበት ትዕይንት መጀመሪያ ማን እንደተናገረ፣ ማንስ ዝም ብሎ እንዳዳመጠ በሚያሳይበት እውነት ነው።